በኮር ዊሊያም የተጻፈች አንዲት ገጽ

በቤተሰብ ገጽ ላይ ስለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መጻፋችን ከቦታው የራቀ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ዳሩ ግን ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የላከ ወላጅ ሁሉ፣ ይወቀውም አይወቀውም፣ ከቤተ መጻሕፍት ጋር ጉዳይ አለው። ልጆች ማታ ራት ቀርቦ ሳለ አንገታቸውን ደፍተው ሲቀመጡ፣ ያስጨነቃቸው ነገር ብዙ ጊዜ የመጽሐፍ መጥፋት ሳይሆን መጽሐፉ ወዳለበት የሚያደርስ መንገድ መጥፋት ነው። እኛም ይህን ነገር አጥርተን የተገነዘብነው ከአገራችን ውጭ፣ በጁባ ከተማ ነው።

ለመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ወደዚያ ሄደን በነበረ ጊዜ፣ ኮር ዊሊያም በሚባለው ሠፈር የሚኖሩ አንድ የአገር ሰው እቤታቸው ቡና እንድንጠጣ ጋበዙን። ኮር በዐረብኛ ዝናም በመጣ ጊዜ የሚሞላ፣ በጋ በሆነ ጊዜ የሚደርቅ ፈፋ ማለት ነው። ሰውዬው አነስተኛ ሱቅ አላቸው። ከእኛ ጋር የሚያወጉት በትግርኛ፣ ከባለቤታቸው ጋር በአማርኛ፣ ከጎረቤት ጋር ደግሞ የጁባ ዐረብኛ በሚሉት ልሳን ነው። ታላቂቱ ልጃቸው ሦስቱንም እየሰማች አድጋ በአራተኛው በእንግሊዝኛ ትማራለች፤ ከከተማዪቱ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የታሪክ ተማሪ ናት።

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ልጅቱ ደብተሯን ይዛ ቀረበችና፣ «ጋሼ፣ ስለ ጋምቤላ የተጻፈ መጽሐፍ በዓለም ላይ የለም እንዴ?» ስትል ጠየቀችን። ለመመረቂያ ጽሑፏ የመረጠችው በባሮ ወንዝ ላይ ስለ ነበረው የኢትዮጵያና የሱዳን ንግድ ነው። ሁለት ሳምንት ፈልጋለች። የከተማዪቱን ስም በላቲን ፊደል ጽፋ ኮምፒዩተሩን ብትጠይቀው ምንም አልተገኘም የሚል መልስ ሰጥቷታል።

«የለም ካሉሽ የለም ነው፤ ሌላ ርእስ ይስጡሽ ብያታለሁ» አሉ አባትየው።

ወይዘሮዋ ጀበናቸውን አስቀመጡና፣ «እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉን። «አባቴ በወጣትነቱ ከደምቢ ዶሎ ቡና በበቅሎ እያወረደ ጋምቤላ ወደብ ላይ ለመርከብ የሚያስረክብ ሰው ነበር። የመርከቡን ጡሩምባ ሲያወራልኝ ነው ያደግሁት። ታዲያ እንዴት የለም ይባላል?»

ከዚህ በኋላ ነገሩ የማርክ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ገባን። አንድ ቤተሰብ በአፍ ብቻ የያዘው ታሪክ በወረቀት ላይ መኖር አለመኖሩን እየጠየቀ ነበር።

መልሱን ያገኘንላቸው ከራሳቸው ጓዳ ነው። ወይዘሮዋ ቅመም ያጓድሉ ነበርና ልጃቸውን «ኮረሪማውን አቀብይኝ» ቢሏት፣ ያለ ማመንታት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አንሥታ ሰጠቻቸው። ከላዩ የታተመው ወተት ነው፤ ውስጡ ያለው ኮረሪማ ነው። እርዱ ደግሞ በቡና ቆርቆሮ፣ ጥቁር አዝሙዱ በሻይ ቆርቆሮ ተቀምጧል። እኛ ብንላክ ኖሮ የላዩን ጽሕፈት እያነበብን እስከ ማታ ባላገኘነው ነበር፤ ቤቱ ግን ኮረሪማ ያለው ቤት ነው። በዓለም ያሉ ታላላቅ ቤተ መጻሕፍትም ከዚህ ጓዳ ብዙ የራቁ አይደሉም። ልዩነቱ፣ በጓዳው ውስጥ የምታውቅ ልጅ መኖሯ ነው።

ነገሩን ትንሽ ዘርዘር እናድርገው። አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ በ1876 ባወጣው ሥርዓት መሠረት (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካላልን በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እያንዳንዱ መጽሐፍ እንደ ጉዳዩ ቁጥር ተሰጥቶት በአንድ ቦታ ብቻ ይቆማል። የሱዳን ታሪክ ከግብፅ ጋር በ962፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ታሪክ በ963፣ ስለ ሕዝቦችና ስለ ነገዶች የተጻፈው በ305፣ የውጭ ንግድ በ382፣ የአፍሪቃ ቋንቋዎች በ496 ይገኛሉ። ይህ ለመደርደሪያ መልካም ሥርዓት ነው፤ አንድ መጽሐፍ በሁለት ቦታ ሊቆም አይችልምና። የባሮ ንግድ ግን በአንድ ቁጥር ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም። ዕቃው ከኢትዮጵያ ወረደ፤ መርከቡ ከሱዳን መጣ፤ በወንዙ ዳር የሚኖሩት አኙዋክና ኑዌር በሁለቱም አገሮች ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሕይወት በአንድ ወደብ ያገናኘውን ነገር መደርደሪያው በአምስት ክፍል በትኖታል ማለት ነው።

የተበተነውን መልሶ የሚሰበስብ አንድ መሣሪያ አለ። የርእስ መምሪያ እንለዋለን። የርእስ መምሪያ ማለት አንድን ጉዳይ የሚያጠና ሰው በየትኛው ቁጥር፣ በየትኛው ቃል፣ በየትኛው መጽሔት፣ ከዚያም አልፎ በየትኛው ከተማ በሚገኝ መዝገብ ቤት መፈለግ እንዳለበት በአንዲት ወይም በሁለት ገጽ አሳጥሮ የሚነግር ጽሑፍ ነው። ቀድሞ በታይፕ እየተመታ በመደርደሪያው ጫፍ ይሰቀል ወይም በትንሽ መጽሐፍ መልክ ይታተም ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች በኢንተርኔት አማካይነት ተማሪው በስልኩ እንዲያነበው አድርገውታል። ካታሎግ ያለውን ይቈጥራል፤ መምሪያው ግን መንገደኛውን እጁን ይዞ ይመራል። ተማሪዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚያዩ ካታሎጉ «የለም» ሲል ዓለም ሁሉ «የለም» ያለ ይመስላቸዋል።

አሳቡም አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ካሊማኮስ የዚያን የታወቀ ቤተ መጻሕፍት ይዞታ እንደየዘርፉ በ120 ጥቅል አዘጋጅቶት ነበር። ከእኛም አገር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ቍጥር አሳትመዋል፤ በ1920 ዓ.ም.ም አስፍተው እንደ ገና አውጥተውታል። በገዳማቱ ደግሞ የመጻሕፍቱ ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። በተረፈ ዕቃ ቤት ጠባቂው ራሱ መምሪያ ነበር፤ እርሱ ሲሞት ግን መምሪያው አብሮት ይቀበራል።

እኛ የተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አንድ የመጻሕፍት ሣጥን ነበረው፤ ቁልፉም በአንድ አስተማሪ ኪስ ውስጥ ነበር። እኒያ ሰው የየመጽሐፉን ጠባይ እንደ ልጆቻቸው ያውቁ ስለ ነበር «ይህን አንብብ፣ ከዚያ ያንን» ይሉን ነበር። በተዛወሩ ጊዜ ሣጥኑ እንደ ነበረ ቀርቶ ሳለ ድሃ የሆንን መሰለን። ካደግንም በኋላ በአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት (ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም) የአንድ ኢትዮጵያዊ ደራሲ መጽሐፍ ጠይቀን «የለንም» ተብለን ተመልሰናል። ከወራት በኋላ ስናጣራ መጽሐፉ አለ፤ የተመዘገበው ግን በደራሲው ስም ሳይሆን በአባቱ ስም ነው። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ስሙ ስሙ ነው፤ አባቱም አባቱ ነው። በደቡብ ሱዳንም ብዙ ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ተከታትሎ ነው። ይህን የማያውቅ መዝጋቢ አባትን ደራሲ ያደርጋል፤ አንባቢውም ባዶ እጁን ይመለሳል።

ወደ ኮር ዊሊያም እንመለስ። ከልጅቱ ደብተር አንዲት ገጽ ተቀብለን፣ ከፊሉን ከማስታወሻችን፣ ከፊሉን በስልክ እየፈለግን እዚያው ገበታው ላይ መምሪያ መጻፍ ጀመርን። አባትየው መጀመሪያ ከሩቅ ያዩን ነበር፤ ኋላ ግን ወንበራቸውን አስጠግተው መብራቱን ወደ ወረቀቱ አቀረቡልን።

መጀመሪያ ያሰፈርነው ቃላትን ነው። ጋምቤላ በላቲን ፊደል በአንድ «ል» ይጻፋል፣ በሁለትም ይጻፋል፤ በቀድሞዎቹ የእንግሊዝ ወረቀቶች ከዚህም የተለየ አጻጻፍ ያጋጥማል። የወንዙም ስም ይለዋወጣል። ባሮ ከፒቦር ጋር ከተገናኘ በኋላ ሶባት ተብሎ ወደ ነጭ ዓባይ ስለሚገባ፣ ከሱዳን በኩል የጻፈ ሰው ባሮን ሳይጠራ ሶባትን ብቻ ሊጠራ ይችላል። ኢታንግ የሚለውም ቃል መጨመር አለበት። ምክንያቱም ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ በ15 ሜይ 1902 በተፈራረሙት ውል አራተኛ አንቀጽ ለሱዳን የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ የተፈቀደው በኢታንግ አቅራቢያ ተብሎ ነው፤ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ጣቢያው በተግባር የቆመው ጋምቤላ ላይ ነው። መርከቦቹ ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ከካርቱም በኩል ጨውና ጨርቅ ይዘው ይወጡ፣ ቡና ጭነው ይወርዱ ነበር። ሱዳን በ1956 ነጻ ስትወጣ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ወይዘሮዋ ይህን በሰሙ ጊዜ «አባቴ የሚለውም ይኸንኑ ነው፤ ክረምት ካልሆነ መርከብ የለም ይል ነበር» አሉ።

ከቃላቱ ቀጥሎ መጻሕፍቱን አሰፈርን። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በ1976 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ከ1898 እስከ 1935 በምዕራቡ ድንበር ስለ ነበረው የኢትዮጵያና የሱዳን ግንኙነት ነው። ዋነኛው መነሻዋ ይህ መሆን ሲገባው፣ በርእሱ ላይ ጋምቤላ የሚለው ስም ስለሌለ ኮምፒዩተሩ ሊያሳያት አልቻለም። እንግሊዛዊው ኤቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ኑዌርም ስለ አኙዋክም በ1940 ያሳተማቸው መጻሕፍት የሚቆሙት ከሕዝቦች ጥናት ጋር ነው፤ ስለ አኙዋክ የጻፈውም በርእሱ የሚጠራው ሱዳንን እንጂ ኢትዮጵያን አይደለም። በ1986 ዶናልድ ዶናም እና ዌንዲ ጄምስ ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ደቡባዊ ጠረፎች ታሪክ ደግሞ ከ963 ይገኛል። ከመጽሔቶች በ1918 በካርቱም የተጀመረውን የሱዳን ማስታወሻና መዛግብት መጽሔት፣ በአዲስ አበባም በ1963 የተጀመረውን የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ጨመርንላት። ባለ ብዙ ገጽ መጽሐፍ የፈለገ ተማሪ መጽሔትን ይንቃል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው።

በመጨረሻም መዛግብት። የእንግሊዝ ሹማምንት ደብዳቤና ማስታወሻ በእንግሊዝ አገር በደራም ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል፤ የሱዳን መዝገብ የተባለው ክፍል በ1957 ተቋቁሞ ዝርዝሩ በሚገባ ተሠርቷል። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ወረቀት ደግሞ በለንደን አጠገብ በኪው ነው። ልጅቱ ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቈረ፤ «ታዲያ የአያቴን ነገር ለማንበብ እንግሊዝ አገር ልሂድ?» አለች። ለዚህ ጥያቄ ደስ የሚያሰኝ መልስ አልነበረንም። ከቅርብ ያለውን ግን ነገርናት።

ከቅርብ ያለው ታሪክ የጁባን ዩኒቨርሲቲ ራሱን ይነካል። የደቡብ ሱዳንን የመጀመሪያ ጦርነት ያቆመው ስምምነት በ1972 የተፈረመው በአዲስ አበባ ነው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በማስታረቁ ሥራ ድርሻ ነበራቸው። ያ ሰላም ካፈራቸው ነገሮች አንዱ በ1975 የተመሠረተውና በ1977 ተማሪ መቀበል የጀመረው የጁባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጦርነቱ ሲያገረሽ በ1989 ዩኒቨርሲቲው ወደ ካርቱም ተዛወረ። በዚያም ሳለ በ1990 የሱዳን መንግሥት የከፍተኛ ትምህርት በዐረብኛ እንዲሰጥ አዘዘ። በ2011 ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ስትሆን ዩኒቨርሲቲው ወደ ጁባ ተመለሰ፤ በካርቱም በቀረው ቦታ ላይ ባሕሪ የሚባል ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። እንግዲህ ቤቱን ሁለት ጊዜ የለወጠ ቤተሰብ ዕቃውን እንዴት አድርጎ እንደሚፈልግ የቤት እመቤቶች ያውቁታል።

የመንግሥቱም ወረቀት እንዲሁ ተንከራቷል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዳግላስ ጆንሰን የተባሉት የታሪክ ሰው በጁባ በክልሉ መንግሥት የመዛግብት ክፍል ውስጥ ሠርተው ከየአውራጃው አሮጌ ፋይሎችን ይሰበስቡ ነበር። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ያ ሁሉ መዝገብ ለዓመታት የተጠለለው በአንድ ትልቅ ድንኳን ውስጥ ነው። ከዚያ አውጥቶ ወደ ቤት ማግባት፣ አቧራውን ማራገፍ፣ ማሰናዳትና ዝርዝር መጻፍ የተጀመረው በነጻነቱ ዘመን አካባቢ የባህል ሚኒስቴርና ሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩት ተባብረው ነው። ምስጥ የሚበላውን ወረቀት ማዳን በጋዜጣ የማይወራ ሥራ ነው፤ እኛ ግን በሲቪል ሰርቪስ የኖርን እንደ መሆናችን አንድ ፋይል ሲጠፋ ምን እንደሚጠፋ እናውቃለን።

ያልተረፈም አለ። መሐመድ ዑመር በሺር የተባሉት ሱዳናዊ ሊቅ በ1965 ስለ ደቡቡ ጉዳይ ለተደረገው የክብ ጠረጴዛ ጉባኤ ጸሐፊ ነበሩ፤ በ1968 ስለ ደቡብ ሱዳን የግጭት መነሻ መጽሐፍ አሳትመዋል። በኦምዱርማን አህልያ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የተሰየመው የሱዳን ጥናት ማእከል ቤተ መጻሕፍት በሜይ 2023 በካርቱም ጦርነት ጊዜ ተቃጠለ። የደቡቡን ታሪክ የሚያጠና የጁባ ልጅ ከሚፈልጋቸው ወረቀቶች አንዳንዶቹ በሰሜን በኩል ይህን ያህል ርቀው ነበር። ጥሩ የይዞታ ዝርዝር የነበረው ስብስብ ሲቃጠል ምን እንደ ጠፋ ቢያንስ ይታወቃል፤ ዝርዝር ያልነበረው ግን ሁለት ጊዜ ይጠፋል።

በአገራችን በኩል ልጅቱን የላክናት ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ይህ ተቋም በ1963 በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲቋቋም ከባዶ አልተነሣም። ፖላንዳዊው ስታኒስላው ኾይናትስኪ በ1950 በተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ሹም ሳሉ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ሁሉ፣ መጽሐፍ ቢሆን በራሪ ወረቀት፣ ለብቻ እያኖሩ ቆይተው ነበርና ያ ክምችት ለተቋሙ መሠረት ሆነ። ሥራው ከግዢ ይልቅ አስተዋይነትን የሚጠይቅ ነው። ሌላው ሰው የሚጥለውን የአንድ ዓመት የንግድ ማስታወቂያ፣ ነገ አንዲት ተማሪ እያለቀሰች ትፈልገዋለች ብሎ ማስቀመጥ አለ።

የዝርዝርን ጥቅም ለማየት የብራና መጻሕፍታችንንም ማስታወስ ይበቃል። ከ1973 ጀምሮ 9,000 ያህል የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው አንዱ ቅጂ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ኮሌጅቪል ሄዷል። ፊልሙ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሌላ ድንግዝግዝ ሣጥን በሆነ ነበር። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሰጥተው የብዙዎቹን ይዘት፣ በኅዳግ የተጻፈውን የርስትና የስጦታ ማስታወሻ ሳይቀር ስለ ዘረዘሩት ነው ዛሬ በሩቅ ያለ ሰው የሚፈልገውን ቅጠል ለይቶ የሚጠይቀው።

ስለ መምሪያዎች አንድ ቅሬታ አለን። ብዙዎቹ በአንድ ወቅት በደስታ ተጽፈው ኋላ ማንም የማይነካቸው ይሆናሉ። ማን እንደ ጻፈው፣ መቼ እንደ ተመረመረ ያልተጻፈበት መምሪያ አሮጌ የአውቶቡስ ሰዓት ሰሌዳን ይመስላል። ደግሞም ከውጭ አገር እንዳለ የሚቀዳ መምሪያ ለእኛ ተማሪ ግማሽ መንገድ ብቻ ያደርሰዋል። ከጁባ አጠገብ በረጃፍ በ1928 በተደረገው ጉባኤ ለትምህርት ቤት የተመረጡት ቋንቋዎች ዲንቃ፣ ባሪ፣ ኑዌር፣ ላቱኮ፣ ሽሉክና ዛንዴ መሆናቸውን የማያውቅ ሰው፣ በእነዚህ መጽሐፍ ተገኝቶ በሌሎቹ ለምን እንዳነሰ ለተማሪው ሊያስረዳው አይችልም። ስለዚህ በየዩኒቨርሲቲው መምሪያ የሚጽፈው ሰው መጻሕፍቱን ብቻ ሳይሆን አገሩን የሚያውቅ እንዲሆን፣ ለዚሁም ሥራ ጊዜ እንዲሰጠው ያስፈልጋል። መጽሐፍ ለመግዛት በጀት የሚፈቅዱ አለቆች ይህን እንደ ሥራ አለመቍጠራቸው ያሳዝነናል።

በረካው ሲጠጣ ገጿ በሁለት በኩል ሞልታ ነበር። አባትየው አንሥተው አነበቧትና፣ «አሁን ርእስ ለውጪ አልልሽም» አሏት። እኛም ከስሯ ቀኑን ጽፈን ሰጠናት።

ከአንድ ወር በኋላ ልጅቱ በስልክ መልእክት ላከችልን። ገጿን የክፍል ጓደኞቿ ገልብጠዋታል። አንደኛው የአኙዋክ ተወላጅ ነው፤ እርሱም እኛ የጻፍነው የሕዝቡ ስም የውጭ ሰዎች አጠራር መሆኑን ነግሯት፣ ራሳቸው የሚጠሩበትን አኝዋ የሚለውን ጨምሮበታል። በእርግጥም በዚያ ስም ሲፈልጉ እኛ ያላየናቸው ጽሑፎች ተገኝተዋል። ስሕተቱ የእኛ ነው፤ አርመነዋል። ቀጥላም፣ እናቷ የአባታቸውን ወሬ በቴፕ እየነገሩላት መሆኑን ገልጻ፣ «ጋሼ፣ ተጽፎ ሲያልቅ በ382 ነው የሚገባው ወይስ በ963?» ብላ ጠየቀችን። የተናጋሪዋን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ከላይ እንድትጽፍ፣ ቁጥሩንም ሁለቱንም እንድታሰፍር መለስንላት።